ሦስት ማንኪያ

ወይዘሮ አስካለች ለልጃቸው ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመሩ። እንደማይጣፍጣት ያውቃሉ፤ ግን ለእንግዳ ባዶ ሻይ ማቅረብ ነውር ነው።

ድጎማ ያለበት ስኳር ድንበር አይሻገርም ይላል የዓለም ንግድ ሕግ። ድንበሩ እየጠበበ መጥቶ የቤት ደጃፍ ላይ ከቆመ ሰንብቷል። የመንግሥት ስኳር አሁን የሚጣፍጠው በቤተሰቡ ካርድ ላይ ስሙ ለሰፈረ ሰው ብቻ ነው፤ ለሌላው አሸዋ ነው።

ልጃቸው የውብዳር አግብታ አዳማ ስትገባ ስሟ ወደ ባሏ ካርድ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ወንጂ እናቷ ዘንድ በመጣች ቁጥር መራራውን ሻይ ጭልጥ አድርጋ “ይጣፍጣል እማዬ” ትላለች። እሳቸውም ያመኑ ይመስላሉ።

ዛሬ አንዴ ፉት አለችና ፊቷን ቋጠር አደረገች።

“እማዬ፣ ስኳሩ በዛ።”

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ከንፈሯን ነከሰች። ወይዘሮ አስካለች ማንኪያውን አስቀመጡ።

“ወደ እኔ ካርድ መቼ ተመለስሽ?”

“ሐሙስ።”

“እሱስ ምን አለ?”

“ፈረመ።”

እናት ብርጭቆዋን ተቀብለው ግማሹን ወደ ራሳቸው ብርጭቆ ገለበጡና በባዶ ሻይ ሞሉላት።

“ከነገ ጀምሮ አንድ ማንኪያ ይበቃሻል” አሉ።