ባለቁልፉ ጎመን

የሰደበኝ የሚስቴ ወንድም ደምሰው ነው፤ ያውም አምና በሐምሌ አቦ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት። ጎመኑን አንዴ ጎረሰና «አማቼ፣ አትክልተኛ ቤት ሬት ነው እንዴ የሚበላው?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ያመረርኩት ይመስል! ዛሬ ኩባንያው የሚሸጥልን ዘር ሁሉ ባለቁልፍ መሆኑን የማያውቅ አለ? ጎመንም ሆነ ካሮት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የከተማ ሸማች በስልኩ ካልከፈተው ምሬቱ አይለቅም። ለአብቃይ መክፈት ክልክል ነው። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ የምውለው እኔ፣ የምበላው ግን ፊቴን አጨማድጄ ነው።

ዘንድሮም በዚያው በዓል ደምሰው ከአዳማ መጣ። አማቴ እትዬ የሺመቤት ታመው እኛ ቤት ከተኙ ሰነበቱ፤ የቀረበላቸውን ሁሉ እየተፉ ከስተዋል። ሚስቴ ማንጠግቦሽ የጎመኑን ድስት እንደያዘች ወንድሟን በስልኩ እንዲከፍትላቸው ለመነችው።

«እሱ ይጠይቀኝ» አለ ስልኩን እያገላበጠ።

«በእናትህ ክፈተው» አልኩት። ከጉሮሮዬ እንዴት እንደወጣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠግቶ ነካ አደረገው። አማቴ አንዴ ጎረሱ፣ ደገሙ፣ ሳህኑን ጠረጉት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

«እሰይ ደምሰው! እጅህ ይባረክ» አሉ ልጃቸውን እየሳሙ። «ጎመን ማለት ይሄ ነው። እነዚህማ በመርዝ ሊገድሉኝ ነበር።»

ደምሰው ወደ እኔ ዞረና «ሰማህ አማቼ?» አለኝ።

ካቦርቴን ደርቤ፣ ዝናቡ ሳያባራ ወደ ማሳዬ ወጣሁ።