አርባ አንደኛው መስመር

አርባ አንደኛው መስመር ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።

የፈተና መሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ላይ ከጀርባ ሆኖ ቀን ከሌት የሚሠራውን የህትመት ፕሮግራም ልናጥረው ነው። እስከ ዛሬ የፈለገውን በር ይከፍት ነበር። ሳምንት ሙሉ ምንም ሳንከለክል የነካውን ፋይል ሁሉ መዘገብን፤ አሁን ያ መዝገብ የፈቃድ ዝርዝር ይሆናል። ዝርዝሩ ላይ የሌለውን ከዛሬ ወዲያ ቢሞት አይነካም።

የፊደል ፋይሎች፣ የወረቀት መጠን፣ የህትመት ወረፋ... አርባው መስመር ጤናማ ነው። አርባ አንደኛው ግን ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ የዘንድሮው ፈተና የተቆለፈበትን ማህደር ከፍቷል ይላል። ፈተናው ሊሰጥ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ፕሮግራም ደግሞ በራሱ ተነስቶ ፈተና አያትምም፤ የላከው ሰው አለ።

«ጋሼ፣ ይቺን አዩዋት?»

አለቃዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ጎንበስ አሉ። ይህን ሥራ ከሀ እስከ ፐ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ኧረ ተይው ልጄ! ፕሮግራም አይደል፣ ያገኘውን ይነካካል። እሺ በይውና እንገላገል።»

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» እያሉ ያሠለጠኑኝ ሰውዬ ናቸው እንዲህ የሚሉት። የመጨረሻ ልጃቸው ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ይህን በማሰቤ ራሴን ታዘብኩት።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ሲወጡ ግን መስመሯን አጠፋሁና ዝርዝሩን አጸደቅሁት።

ጸሐፊዋ ደብዳቤዎቿን አተመች። ሾፌሩ እንኳ የመውጫ ወረቀቱን አትሞ እያፏጨ ሄደ። ሁሉም ሰላም ነው። ምነው ተሳስቼ በሆነ፣ ምነው ተሳስቼ ይቅርታ በጠየቅኳቸው!

በምሳ ሰዓት ቢሮው ጭር አለ። ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ስድስት ተኩል ሲል ስክሪኔ ላይ አንዲት ቀይ መስመር ብቅ አለች፦ የህትመት ፕሮግራሙ ፈተናው ያለበትን ማህደር ሊከፍት ሞክሮ ተከልክሏል። ማን እንደላከው አትናገርም።

ብዙም አልቆየ፣ በሩ ተከፈተ።

«አለሽ እንዴ?» አሉ ጋሼ ደንገጥ ብለው። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ያ ማተሚያ... ለሁሉም ሰው ነው እምቢ ያለው?»

«ማተሚያው ደህና ነው ጋሼ። ምን ሊያትሙ ነበር?»

ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና በጣታቸው ዝርዝሩን ወደ ታች ተከተሉት። ጣታቸው አርባ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ በታች ስክሪኑ ባዶ ነው።