የሚጣራው በር

«እንኳን ደህና መጡ። በሩ ከፊትዎ ነው።»

ድምፁ የሚመጣው ከሕንፃው ፊት ለፊት ነው። እኔ ያለሁት ጎን በር ላይ ነው። ሦስተኛ ጊዜው ነው። አንድ ዓይነ ስውር እጁ ላይ ያለችውን ሪሞት ሲጫን፣ ከፊት በሩ በላይ የተሰቀለው ሳጥን እንዲህ ብሎ ይጣራል፤ ሰውየው ድምፁን ተከትሎ እንዲመጣ። ይመጣል። በሩ ግን ከተመረቀ ማግስት ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው።

የሆስፒታሉ ጥበቃ ነኝ። ቦታህን ለቀሃል ተብዬ ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። የለቀቅኩት ያ ሳጥን የጠራቸውን ሰዎች ከተቆለፈው በር ላይ ለማምጣት ነበር።

አራተኛ ጊዜ ይጣራል። ከዚያ ግው! መስታወት ነው።

ለቅቄ እሄዳለሁ።

እህቴ ናት። ዱላዋ ደረጃው ላይ ወድቋል። ግንባሯን በመዳፏ ይዛለች፤ ከወዲሁ ማበጥ ጀምሯል። በየማለዳው የሚወለወለው መስታወት ላይ የግንባሯ ወዝ ታትሟል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ምነው ብቻሽን?»

«ምን ልሁን ብለህ ነው? ሠላሳ ዓመት ስልከኛ ነበርኩ። አገር ምድሩን ሳገናኝ ኖሬ አንድ በር ያቅተኛል?» ግንባሯን ታሻለች። «በራሱ ይከፈታል አሉኝ። ገባሁበት።»

ያመጣት ጆሮዋ ነው። ግራው ከሞተ ቆይቷል፤ አሁን ቀኙ እየደከመ ነው። ሐኪሙ የሚመጣው በሦስት ወር አንዴ ነው። ተራዋ ሠላሳ አንድ ነው፤ ሲጠራ ያልተገኘ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ቅድም ሃያ ዘጠኝ ሲባል ሰምቻለሁ።

«ነይ፣ በጎን ላስገባሽ» ብዬ ክንዷን እይዛለሁ። ትመነጭቀኛለች።

«አትጎትተኝ! በግ ነኝ? የተጠራሁት በዚህ ነው። ለእኔ ብለው ከሰቀሉት፣ በሩንም ለእኔ ይክፈቱት።»

ሥራ አስኪያጁ በጎን በር ወጥቶ እየዞረ ይመጣል።

«አባባ፣ ዛሬም ቦታዎን ለቀው?»

«ይክፈቱላት።»

«እብነ በረዱ በጭቃ ይበላሻል ብዬ ስንቴ ልንገርዎት? በጎን ይዙሩ እንጂ።»

«ታዲያ ይሄን ለምን እዚህ ሰቀላችሁት?»

«ሪባኑ የተቆረጠው እዚህ ነዋ» ይላል፤ ምንም ሳያፍር።

ሳጥኑ ወደ ጎን በር ይዛወር ብዬ ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ነግሬው ነበር። ጥናት እየተደረገ ነው አለኝ። ሳጥኑ ሲሰቀል ግን መሰላሉን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ይሄ በር እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እንደሚቆለፍ ያኔም አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ደሜ የፈላው በእሱ ብቻ አይደለም።

«ሠላሳ!» ይላል ከውስጥ ተራ ጠሪው።

ከበሩ አጠገብ የሲሚንቶ የአበባ ገንዳ አለ። እወጣበታለሁ፤ ጉልበቴ ይንቋቋል። ሳጥኑ የተንጠለጠለው በሁለት ብሎን ነው፤ ባትሪው ሆዱ ውስጥ ነው። ወደ ላይ ገፋ ሳደርገው እጄ ላይ ይወርዳል።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ? የተቋሙ ንብረት ነው!»

አንቱታው ቀረ። ይቅር።

ወርጄ ዱላዋን አስጨብጣታለሁ። «እትዬ፣ እስከ ሃያ ቁጠሪና ሪሞቱን ተጫኚ» እላታለሁ። ሳጥኑን ታቅፌ እዞራለሁ። ጎን በር ላይ ቆሜ ከራሴ በላይ አነሳዋለሁ።

«እንኳን ደህና መጡ። በሩ ከፊትዎ ነው።»

መጀመሪያ ዱላዋ ከግድግዳው ጥግ ብቅ ይላል፤ ከዚያ እሷ። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ደህናውን ጆሮዋን ወደ እኔ አዙራ። ሥራ አስኪያጁ ከጎኗ እየተራመደ ሊደግፋት እጁን ይሰዳል። ዱላዋ ቁርጭምጭሚቱን ያገኘዋል። ይቅርታ አትጠይቅም።

ከክንዴ ስር ስታልፍ ቆም ትላለች። «ይቺን ልጅ ሲቀዷት ጉንፋን ይዟት ነበር» ትላለች ስለ ሳጥኑ ድምፅ፤ ትገባለች።

«ሠላሳ አንድ!»

«አለሁ!» ኮሪደሩ በሙሉ ይሰማታል።

ሥራ አስኪያጁ ፊቴ ይቆማል። ቀይ ዳማ ፊቱ ጠቁሯል።

«መልሰው። አሁኑኑ ቦታው መልሰው። አለዚያ ከነገ ጀምሮ...»

«እንኳን ደህና መጡ» ይላል ሳጥኑ። እትዬ ከውስጥ ሪሞቷን ተጭናለች። «በሩ ከፊትዎ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ እስኪያበቃ ይጠብቃል። አፉን ይከፍታል።

«እንኳን ደህና መጡ።»

ክንዴ ይንቀጠቀጣል። አላወርደውም።