ሦስተኛው ዳዶ

መካኒኩ የሦስተኛውን ሮከር አርም ዳዶ በጣቱ ብቻ አዙሮ አለፈው። ቫልቮቹን እየረገጡ የሚከፍቱትን የቀሩትን ሰባት የብረት ክንዶች ግን ክፍተታቸውን በስስ መለኪያ እየፈተሸ አንድ በአንድ በመፍቻ ጥርቅም አደረጋቸው።

ባለመኪናው ሽማግሌ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አላወቁትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ያባረሩትም እሳቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ከጋራዣቸው የወጣ ሞተር መንገድ ላይ ሲሰባበር፣ "ዳዶውን ያላጠበቀው ይሄ ነው!" ብለው በሰው ፊት በጥፊ አጮሉት። ያን ዳዶ ሳያጠብቁ የተዉት ራሳቸው ነበሩ። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ስሙ "ላላው" ሆኖ ቀረ፤ የደረሰበት ጋራዥ ሁሉ በር ዘጋበት። እናቱ ሳትቀር፣ "እውነቱን ንገረኝ ልጄ፣ ረስተኸው ነው?" እንዳለችው ሞተች።

"ጋሼ፣ እስቲ ጠጋ ይበሉና ድምፁን ይስሙልኝ" አለ። ቂሙ እንኳ አንቱታውን አላስጣለውም።

ሽማግሌው በተከፈተው ሞተር ላይ ጎንበስ አሉ። እሱ ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

ታክ፣ ታክ፣ ታክ።

"አጥፋው! አጥፋው!" ጮሁ፤ ዘይት ፊታቸው ላይ ተረጭቷል። "አንዱ ላልቷል።"

"የትኛው?"

"ሦስተኛው።" ጆሯቸው አላረጀም።

ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ፊት ለፊታቸው ቆመ። "ማነው ያላጠበቀው?"

"እኔ ምን አው..." ብለው ቀና አሉ። ዓይናቸው ፊቱ ላይ ቀረ። ከንፈራቸው አንድ ስም ሊጠራ ተንቀሳቀሰና ተወው።

"ማነው ያላጠበቀው፣ ጋሼ? ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ሰው ይስማ።"

በየመኪናው ሥር የነበሩት ሠራተኞች አንገታቸውን ብቅ ብቅ አደረጉ።

"እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው በለሆሳስ።

"አልተሰማም።"

"እኔ ነኝ ያላጠበቅሁት! ልጁ የለበትም!"

ከዚያ አንዱ ሠራተኛ፣ "አባባ፣ እርስዎ መፍቻውን መቼ ነኩትና?" ሲል ሌላው ቀበል አድርጎ፣ "ተዋቸው፣ ጃጅተው ነው" አለ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ።

ሃያ ዓመት የጠበቀው ቃል ተነገረ፤ የሰማው ግን እሱ ብቻ ነበር። አንድ ነገር ቢተነፍስ ሳቁ ቀጥ ይል ነበር። አልተነፈሰም። ይሳቁባቸው።

መፍቻውን አንስቶ ጎንበስ አለ። ሽማግሌው ፊታቸው ላይ የሚንጠባጠበውን ዘይት ሳይጠርጉ፣ ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ፣ በሳቁ መሐል ቆመዋል።