ሁለት ጊዜ ያስመዘገቡ

የከተማውን ጋብቻ ሁሉ ከዳታቤዝ እየለቀመች ሪፖርት የምታወጣው ትርንጎ፣ የገዛ ባሏ ነገር አልጥም ብሏታል። መኩሪያ «ፊልድ ነኝ» እያለ ውጭ ማደር አብዝቷል። ዛሬ ማንም ሳያዛት ከአንድ በላይ ሚስት ያስመዘገቡ ወንዶችን የሚያወጣ ሪፖርት ሠራች።

የመኩሪያ ስም የለም።

«እሰይ!» አለች ሳይታወቃት።

«ምን ተገኘ?» አለቻት አጠገቧ ያለችው ባልደረባዋ።

«ባሌን በከንቱ ስጠረጥረው ከርሜ!»

«ለመሆኑ የናንተ ጋብቻ ተመዝግቧል?»

ትርንጎ ወደ ኪቦርዱ ዞረች። የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ «ወረቀት ምን ያደርግልናል?» ብሎ አሳምኗት ነበር። ቀስ ብላ፣ አንድ ሚስት ብቻ ያስመዘገቡትንም እንዲያወጣ ሪፖርቱን አስተካከለችው።

የመኩሪያ ስም ከነአያቱ ወጣ። ከጎኑ የተመዘገበችው ሚስት አንዲት ናት፤ ስሟ ውድነሽ ይባላል።