የሦስተኛው አክስል ክብደት

ጋሽ ሚሊ አሥራ አምስተኛውን ዳዶ ወለሉ ላይ በጠመኔ በተሳለው ተሳቢ ውስጥ ያስቀምጣሉ። እያንዳንዱ ዳዶ አንድ ቶን ነው። የጋራዡ የበያጆች አለቃ ሚሊሜትር እንኳ ስለማይምሩ ይህ ስም ወጥቶላቸዋል፤ ክብደቱ ሁሉ በዳዶ ተቆጥሮ ዓይናቸው ካላየው ብየዳ አይጀምሩም።

«ይህ ማሽኑ ነው» ይላሉ። «የውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያው፣ አሥራ አምስት ቶን። ተሳቢው ራሱስ?»

«ሻንሲው፣ ወለሉ፣ ስፖንዳው፣ ጎማው፣ በጠቅላላ አምስት ቶን» ትላለች መሐንዲሷ። ደብተሯን አትገልጥም፤ ቁጥሩን እንደ ስሟ ታውቀዋለች።

ሾፌሩ ወንድሟ ክንዶቹን አጣጥፎ ከጎኗ ቆሟል። ሃያ ዓመት የሰው ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሰው፣ ዛሬ የራሱ ሲሠራለት ማየቱ ነው። እርሱ ባለ ሁለት አክስል ነበር የፈለገው፤ ጎማው ይቀንሳል፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይም አያስቸግርም። በደረቅ መንገድ ለአንድ አክስል አሥር ቶን ስለሚፈቀድ ሁለቱ ይበቁት ነበር። ዝናቡ ሲገባ ግን የጠጠር መንገዱ ልክ ወደ ሰባት ቶን ወረደ፤ ማሽኑን የሚጠብቁት መንደሮች ደግሞ ያሉት እዚያው ጠጠሩ ጫፍ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተከራክራ፣ «ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ፤ የእኛ ሃያ» ብላ በሦስት አክስል አሳመነችው። ቅዳሜ ማሽኑን ጭኖ ሲሄድ ሚዛን ጣቢያው ከመለሰው ሥራው ለሌላ ሰው ያልፋል። በገዛ ተሳቢው የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ።

ጋሽ ሚሊ አምስት ዳዶ ጨምረው ሃያዎቹን ለሦስቱ አክስሎች ያካፍሏቸዋል። ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት።

«አየህ ጋሼ? ገና አንድ ቶን ይቀረናል!» ትለዋለች ታላቅ ወንድሟን።

«አየሁ እንጂ» ይላል ወንድሟ፤ ጥርሱን መክደን አቅቶታል። «አንቺ ስታሳዪኝ ምን የማላየው አለ?»

ሽማግሌው ግን ከኪሳቸው ሌላ ዳዶ እየፈለጉ ነው። «የኔ ልጅ፣ አምስት ቶን ያልሽው የባለ ሁለት አክስሉን ነው። ሦስተኛው በአየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሄደው?»

አሁን ደብተሯን ትገልጣለች። አክስሉን ሸክም ሲያግዝ እንጂ ራሱ ሸክም ሲሆን አላሰበችውም።

«ከነጎማው፣ ከነባሌስትራው አንድ ቶን ከሁለት መቶ ኪሎ።» ዳዶው የቀረችውን ቦታ ይሞላል። ከዚያም አንዲት ቀጭን ሮንዴላ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ይጠይቃሉ፦ «ሁለት መቶዋንስ የት ላስቀምጣት?»

ሦስቱም አክስሎች ሰባት ሰባት ይዘው ሞልተዋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል ወንድሟ ድንገት። «ክብደቱን አሳስቼ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሚሊ ከመነጽራቸው በላይ ያዩታል። «ሃያ ዓመት መንገድ ላይ ኖረህ መዋሸት ሳትማር ቀረህ?»

ወንድሟ ስለ ክብደቱ ምንም አልነገራትም ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ዘግቶ መሪ የጨበጠው እርሷ የራሷን እንዳትዘጋ ነው። ባደረበት ሁሉ መኪናውን አቁሞ ይደውልላትና «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ይላት ነበር፤ ስለ ኃይል፣ ስለ ሰበቃ የምታነበንበውን ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ ያዳምጣል። ከክፍሏ አንደኛ የወጣችው ለእርሱ ስታስረዳ ነው።

«አይደለም» ትላለች። «የክብደቱን ሰንጠረዥ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ የሳትኩትም እኔው። ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።»

«ምኑን ይቅር ልበልሽ?» ይላታል ወንድሟ። «የሳትሽው ወለል ላይ ነው፤ መንገድ ላይ አይደለም።»

«ማሽኑም እንደ ሽንኩርት ከላዩ አይላጥ» ያጉረመርማሉ ጋሽ ሚሊ።

ሾፌሩ ሥዕሉ አጠገብ ቁጢጥ ይላል። በጠርዙ ዙሪያ ጣቱን ያስኬዳል።

«ስፖንዳው ስንት ይመዝናል?»

«ዙሪያውን ስድስት መቶ ኪሎ።»

«ማሽኑ በሰንሰለት ይታሰራል። ግድግዳ ምን ያደርግለታል? ይቅር።»

እኅቱ ቀና ትላለች። ስፖንዳው ላይ የሚጻፈውን ቃል ከመረጠ ዓመት አልፎታል፤ ሰማያዊ ቀለሙን እንኳ ገዝቶ አልጋው ሥር አስቀምጧል። «ጽሑፉስ፣ ጋሼ?»

«የምን ጽሑፍ?» ይላሉ ጋሽ ሚሊ።

«‹ተመስገን› ነበር የሚለው» ይላል ሾፌሩ፣ አንገቱን እያከከ። «ግድ የለም፣ በአፌ እለዋለሁ። አፌ ኪሎ አይጨምርም።»

በያጆቹ ይስቃሉ። እርሷ መሳቅ አልቻለችም። ተንበርክካ እንደ አዲስ ትቆጥራለች፤ ማሽኑን፣ ሻንሲውን፣ ሦስቱን አክስል፣ አንድ በአንድ። ሃያ ቶን ከስድስት መቶ። «ድገሚው» ይሏታል ሽማግሌው። ትደግመዋለች። ያው ነው፤ አራት መቶ ኪሎ ከልኩ በታች።

«እንግዲያው ይበየድ።»

ሦስተኛው አክስል ሻንሲው ሥር ይገባል። እርሷ ወደ ወንድሟ ትዞራለች። ከምረቃዋ ቀን ጀምሮ ልትለው አስባ፣ ደጋግማ ያረመችው፣ ረዘመብኝ ብላ ያቆየችው ንግግር አለ።

«ጋሼ፣ አንተ ባትኖር እኔ…»

«ዓይን!» ይጮኻሉ ጋሽ ሚሊ፣ ጭንብላቸውን ወደ ፊታቸው እየሳቡ።

ናፍታና ሳሙና የሚሸት የወንድሟ ሰፊ መዳፍ ዓይኖቿን ይከድናል። ብልጭታው ይፈነዳል፤ በጣቶቹ ሥጋ ውስጥ አልፎ ቀይ ሆኖ ይታያታል። እርሱ የራሱን ዓይን ይጨፍን አይጨፍን ግን፣ ከመዳፉ ሥር ሆና ማየት አትችልም።