ቢሸነፉ ረቡዕ ይመጣል

«ጋሽ አለምሰገድ፣ እይ! ልጅህ ሊገባ ነው!» አለ ረዳቱ ባንቴ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የተደገፈውን ስልክ በጣቱ እየጠቆመ።

የአለምሰገድ ዓይን ግን ከፊቱ የቆመው ተሳቢ ላይ ነበር። ከጅቡቲው ዶራሌ ወደብ በር ጀምሮ የተሰለፉት ከባድ መኪኖች ከትናንት ማታ ወዲህ ንቅንቅ አላሉም። ነግቶ ጋቢናው መሞቅ ጀምሯል። ስልኩ ውስጥ ግን ገና እሑድ ማታ ነው። አሜሪካ፣ መብራት ባጥለቀለቀው ስታዲየም፣ ልጁ ፀጋው ከዳር ተነስቶ ሄልሜቱን እያጠለቀ ወደ ሜዳ ይገባል።

አለምሰገድ የአሜሪካን ፉትቦል ዛሬም በቅጡ አይገባውም። ኳሷ የተቆነጠጠች ሎሚ ትመስላለች፤ ሰዎቹ እንደ ኮርማ ይላተማሉ፤ ገና ከመጀመሩ ፊሽካ ይነፋል። የገባው የልጁ ሥራ ብቻ ነው። ሌላው ሲተራመስ ፀጋው ዳር ሆኖ ይጠብቃል፤ ሲጠሩት ገብቶ ኳሷን በእግሩ በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መሐል ይሰዳታል። ሦስት ነጥብ ነው። ኳስ መምታትን ደግሞ ናዝሬት እያለ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ እያንኳኳ የተማረው ነው።

እናቱ ስትሞት ፀጋው ገና ትንሽ ልጅ ነበር። አባቱ ከጅቡቲ መንገድ ላይ አይጠፋም፤ ማን ያሳድገው? አክስቱ አሜሪካ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ በዓይነ ሥጋ አልተያዩም። አለምሰገድ ቪዛ ጠይቆ ተከልክሏል፤ ደግሞ ጠይቆ ደግሞ ተከልክሏል።

ቡድኑ የዘንድሮን ውድድር የጀመረው ሽንፈት በሽንፈት ላይ እየደራረበ ነበር። መቺያቸው ጉልበቱን ሲጎዳ፣ ያለ ሥራ ተቀምጦ የነበረውን ፀጋውን ጠሩት። ነገሩ የተቃናው ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬው የመጨረሻው ግጥሚያ ነው፤ ያሸነፈ ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባል፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ።

«ከተሸነፍን ረቡዕ ጅቡቲ ነኝ፣ አባዬ» ብሎት ነበር ፀጋው በስልክ። «ናዝሬት ድረስ በአንተ መኪና። ጋቢና። እንደ ድሮ።» አማርኛው ተሰባብሯል፤ ጋቢና የምትለዋን ቃል ግን አልረሳትም።

«አይ፣ ማሸነፍ ይሻላል ልጄ» አለው አለምሰገድ። ስልኩ እንደተዘጋ ግን ከተማ፣ ካርቲየ 4 ሰፈር ወርዶ አዲስ ትራስ ገዛ። ትራሱ እስካሁን ከነላስቲኩ ከወንበሩ ጀርባ መኝታው ላይ ተቀምጧል።

«እንዴት ሆኑ?» ከመኪና መኪና ሻይ የምትሸጠው ሩቅያ ፔርሙሷን እንዳንጠለጠለች የጋቢናው ደረጃ ላይ ወጥታ አንገቷን አስገባች።

«በሁለት ነጥብ እየተመሩ ነው» አለ ባንቴ። «ሰዓቱ አልቋል። ይቺን ካገባ አሸነፉ።»

«ከሳተስ?»

ባንቴ ወደ አለምሰገድ ዞረ።

«ረቡዕ ይመጣል» አለ አለምሰገድ።

ሩቅያ አንዴ እሱን፣ አንዴ ስልኩን አየች። «ታዲያ ምን ብዬ ዱዓ ላድርግ?»

አለምሰገድ ስልኩን ወደ እሷ መለስ አደረገላት።

ይሄኔ ከፊት ያለው ተሳቢ ተንቀሳቀሰ። ሰልፉ ተለቀቀ። የበሩ ዘበኛ «ና፣ ና» እያለ እጁን ያወናጭፋል። ከኋላ ጥሩምባው ተነሳ፤ አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለው። አለምሰገድ ግን እግሩን ነዳጁ ላይ አላሳረፈም። ባንቴ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ፦

«እባካችሁ አንድ ደቂቃ! ልጁ ሊመታ ነው! አሜሪካ ያለው ልጁ!»

ጥሩምባው አንድ በአንድ በረደ። ሾፌሮች እየወረዱ በመስኮቱ ዙሪያ ተደራረቡ።

ፀጋው ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ እርምጃውን ይለካል። እዚያ አገር ማልያ ላይ የሚጻፈው የአባት ስም ነውና፣ በትከሻው ላይ «አለምሰገድ» የሚል በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። ተጋጣሚዎቹ ሊያስጨንቁት ሰዓት አስቆሙ። ፀጋው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። ሰባ ሺህ ሰው ይጮህበታል። አጠገቡ የሚያናግረው እንኳ የለም።

አለምሰገድ ሌሊቱን ሙሉ፣ ለራሱም ሳያምን፣ «ይሳታት» ሲል ነበር ያደረው። አሁን ያን ብቻውን የቆመ ልጅ ሲያይ መሪውን ለቆ ወደ ስልኩ ተጠጋ። ልጁ ወደ ምሰሶዎቹ ቀና አለ። ተንደረደረ።

«በላት!» ብሎ ጮኸ አለምሰገድ። «በላት፣ የኔ አባት!»

ኳሷ ወደ ላይ ወጣች፤ ወደ ግራ አዘነበለች፤ ተመለሰች፤ መሐል ለመሐል አለፈች።

ሩቅያ እልል አለች። ባንቴ አንገቱን አንቆ ሳመው። የማያውቃቸው ሾፌሮች በመስኮት እጃቸውን እየሰደዱ ትከሻውን መቱት። «እንኳን ደስ ያለህ!» አለው አንዱ፤ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለ እሱም። ረቡዕ ሄደች። ከረቡዕ በኋላ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ካሜራው ተጠጋ። ፀጋው ሄልሜቱን አውልቆ ይስቃል፣ ጓደኞቹ ይንጡታል። አለምሰገድ ስልኩን አንስቶ ወደ ዓይኑ አቀረበው። የልጁ ጠጉር ከግንባሩ ሸሽቶ ወደ አናቱ ሄዷል፤ መሐሉም ሳስቷል። ልጁ ተመልጧል። በቪዲዮ ሲደውል ሁልጊዜ ኮፍያ እንዳደረገ ነበር።

ያንን ገላጣ ግንባር በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ጣቱ ስክሪኑን ሲነካ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፀጋው አፉን ከፍቶ እንደሳቀ ቀረ።

«ድጋሚ ንካው፣ ይቀጥላል» አለ ባንቴ።

አለምሰገድ አልነካውም።